የጋሽ በየነ የወፎች መዝገብ

የጋሽ በየነ ልጅ ሰላማዊት ከአዳማ ስትደውል የምትለኝን መስማት አልቻልኩም። መጋቢት ነው፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። በልጉ ሁለት ቀን ዘንቦ ግቢያችን ያለው የሁመር ዛፍ ላይ የሰፈሩት ወፎች ሁሉ ባንድ ላይ አፋቸውን ከፍተዋል። «ማን? ማን ነው ያልሽው?» እላለሁ፤ እሷ ታለቅሳለች፤ ወፎቹ ይንጫጫሉ። አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ወደ ቤት ገባሁ፤ በዚያ ሙቀት በሩንም መስኮቱንም ዘጋሁት። ያኔ ነው «አባዬ አረፈ» ስትል የሰማኋት።

መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ነው ብል ውሸት ነው። ንዴት ነበር። ሰውየው ሞቱን እንኳ በቅጡ እንዳልሰማ አድርጎኝ ሄደ። ያን ዛፍ አምና ቆርጬው ቢሆን ኖሮ መርዶዬን እንደ ሰው ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። ሰላማዊት እንባዋን ዋጥ አድርጋ «መዝገቡን በሰው እልክልሻለሁ፤ ስምሽ አለበት» ስትለኝ ደግሞ ንዴቴ ባሰ። በዚያ መዝገብ ውስጥ የሰው ስም እንደማይገባ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለምና፣ አልገባትም ብዬ ተውኩት።

ጋሽ በየነ ጎረቤቴ ነበር። «ነበሩ» ማለት ይገባኝ ይሆናል፤ ግን እዚህ ድሬ አንቱታ ብዙም አይሄድም፤ እሱም እንግዳ ሰው አንቱ ሲለው ዞር ብሎ «ከኋላዬ ማን አለ?» ይል ነበር። ከዚራ ውስጥ፣ ድሮ የባቡር ሠራተኞች ይኖሩበት በነበረ አንድ ግቢ፣ ሦስት ቤት ነን፤ እሱ፣ እኔ እና ታይዋን ገበያ የልብስ ሱቅ ያላት ፋጡማ። ጋሽ በየነ ዕድሜውን ሙሉ የጣቢያ መዝጋቢ ሆኖ ሠርቷል። የትኛው ባቡር መቼ እንደሚጠበቅ፣ መቼ እንደደረሰ፣ መቼ እንደተነሳ፣ ስንት ሰዓት እንደዘገየና ለምን እንደዘገየ መጻፍ ነው ሥራው። የድሮው ባቡር ሲቆም ጓደኞቹ አንዱ ሱቅ ከፈተ፣ አንዱ ወደ ልጆቹ ሄደ። ጋሽ በየነ ግን መዝገብ መዝጋት አልሆንልህ አለው። ባቡር ሲያጣ ወፍ መመዝገብ ጀመረ።

ቀልድ አይደለም። ጠንካራ ሽፋን ባለው ትልቅ ደብተር ላይ በማስመሪያ ስድስት ዓምድ ያሰምራል፦ ስም፣ የሚጠበቅበት፣ የደረሰበት፣ የተነሳበት፣ መዘግየት፣ ምክንያት። «የመስቀል ወፍ፤ አራት ቀን ዘገየች፤ ዝናቡ አልቆመም» ብሎ የጻፈበት ገጽ አለ። በሌላው ገጽ ደግሞ «ጎጆ ሠሪዋ ቢጫ፤ ሥራ አቋረጠች፤ የፋጡማ እህት ሠርግ፣ ድምፅ ማጉያ» ይላል። ይህ ሲነበብላት ፋጡማ ሦስት ቀን አላናገረችውም።

በእርሳስ መጻፍ ክልክል ነው። በስክሪብቶ ይጻፋል፤ ከተሳሳተ አንድ መስመር ያሰምርበትና አጠገቡ ይፈርማል እንጂ አያጠፋውም። «ስህተት መነበብ አለበት» ይላል። ምክንያት የሚለው ዓምድ ከሁሉም ጠባብ ነበር፤ ሁለት ጣት አይሞላም። «ለምን አታሰፋውም?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።

«ምክንያት ሲረዝም ውሸት ይሆናል። ጣቢያ ላይ ስንቱን አንብቤያለሁ።»

«እንግዲያው እኔንም መዝግበኛ። ከሥራ ስገባ፣ ስወጣ።»

እኔ መቀለዴ ነበር። እሱ ኮስተር አለ። «ሰው እዚህ ውስጥ አይገባም። ወፍ ስለ ምክንያቷ አትዋሽም። ሰው ግን ምክንያት አያጣም።»

እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ነው የምሠራው፤ የመስመር ተቆጣጣሪ ነኝ። አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት እገባለሁ። የከሰዓት ተረኛ ስሆን አምሽቼ ነው ቤቴ የምደርሰው፣ እና የጠዋት እንቅልፍ ለእኔ ከሥጋም ከቅቤም ይበልጥብኛል። ጋሽ በየነ ይህን እያወቀ አሥራ አንድ ተኩል ላይ መስኮቴን ያንኳኳል። በሁለት ጣቱ፣ ሦስት ጊዜ።

«ጽጌ፣ ሼፉ ጀመረ።»

ሼፉ ማለት ወፍ ነው። ቡናማ ሆኖ አናቱ የጠቆረ፣ ቆብ ያጠለቀ የሚመስል ወፍ አለ፤ በጋሽ በየነ ዘመን ደግሞ ሼፍ የሚባለው ቆቡን አድርጎ ፊሽካ እየነፋ ባቡር የሚያስነሳው የጣቢያው አለቃ ነበር። ይህም ወፍ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ድምፁን ስለሚያሰማ «ጣቢያውን የሚከፍተው እሱ ነው» ይላል።

«ይጀምር፤ ምን ላድርግለት?»

«ስሚው ነዋ። ከትናንት ስድስት ደቂቃ ዘግይቷል።»

«ጋሽ በየነ፣ በእናትህ፣ ተኝቻለሁ።»

«አልተኛሽም፤ እያወራሽኝ ነው።»

ከዚህ ሰውዬ ጋር ክርክር የትም አያደርስም። ፋጡማ አንድ ጠዋት በር ላይ ቆማ፣ ሻርፗን እየጠቀለለች፣ «ወላሂ ባቡሩ ሲሄድ ይሄን ሰውዬ ረስቶት ነው የሄደው» ብላኝ ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሱ ሰምቷል። «ባቡር ሰው አይረሳም፤ ሰው ነው የሚዘገየው» አለና ገባ።

አንዴ፣ ጥር ላይ፣ «አንድ ቀን አብረሽኝ ከወጣሽ ሳምንት ሙሉ መስኮትሽን አልነካም» አለኝ። ለእንቅልፍ ስል እሺ አልኩ። ገና ሳይነጋ በባጃጅ ወደ ዋሂል በሚወስደው መንገድ ይዞኝ ወጣ፤ ከዚያ በእግራችን የደረቀ የአሸዋ ወንዝ ተከትለን ግራር ጥቅጥቅ ያለበት ጫካ ገባን። ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ምንም የለም። አንዲት ወፍ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። እሾህ ቀሚሴን ይዞታል፣ ጉንዳን እግሬ ላይ ወጥቷል።

«ምኑን ነው የምሰማው?»

«ዝም ማለታቸውን።»

እንባዬ ሊመጣ ነበር፤ ከንዴት ብዛት። «ለዝምታማ ቤቴ ተኝቼ አልሰማውም?» አልኩት። እሱ አልተናደደም። በቀስታ ጣቱን ዘርግቶ አንድ ቅርንጫፍ አሳየኝ። እዚያው አፍንጫዬ ሥር ሼፉን የመሰለ አንድ ወፍ ተቀምጧል፤ ጭራው ግማሹ የለም፣ አንገቱ ተመላልጧል፣ ሲያዩት ያሳፍራል። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ፣ ከሌላው ቀጥሎ ሌላ። ጫካው ሙሉ ነበር። እኔ ባዶ ነው ብዬ ግማሽ ሰዓት ተቀምጫለሁ።

«ላባቸውን እየቀየሩ ነው። ልብሱን አውልቆ የሚዘፍን ማን አለ?»

«እኔ እዘፍናለሁ» አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ ድምፅ የለውም። ከዚያ አንዲት አውራ ጣት የማታህል አረንጓዴ ቢጤ ወፍ አሳየኝና ከሩቅ ሰሜን አገር በመስከረም የምትመጣ እንግዳ ናት አለኝ። እነዚያን ወራት ሙሉ ትበላለች እንጂ አትዘፍንም፤ የካቲት አልቆ ልትሄድ ስትል ግን ቅጠል ውስጥ ተደብቃ ቀስ እያለች ትለማመዳለች። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል። እሱ ልክ ነው። ግን መንገድ ከመጀመሯ በፊት እዚህም ትሞክረዋለች፣ እንዳይጠፋት» አለ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ደግሞ ፈተና ጀመረ። «እኔ ድሬ ጣቢያ ነኝ። ባቡር ልልክ ነው። ቀጥሎ ያለውን የሽንሌን ጣቢያ መንገዱ ነጻ ነው ወይ ብዬ ደወልኩ። ማንም አላነሳም። ምን አደርጋለሁ?»

«ሰው ከሌለ ባቡርም የለማ። መንገዱ ነጻ ነው ትልና ትልካለህ።»

«ሰው ገደልሽ» አለኝ፣ ረጋ ብሎ። «መልስ ሲጠፋ ባቡር አይላክም። ሰው ነው የሚላከው፣ ሄዶ እንዲያይ።»

መስኮቴንም በሦስተኛው ቀን አንኳኳው። ሳምንት ብለህ አልነበረም ወይ ስለው «ልዩ ጉዳይ ነው» አለ። ልዩ ጉዳዩ ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውስም፤ ወፍ ነው መቼም።

ወደ ዛፉ ልምጣ። ከፋብሪካው ወጥቼ የራሴን ልብስ ስፌት መክፈት ነበር ሐሳቤ። ሁለት የስፌት መኪና ገዝቼ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ላስቲክ አልብሼ አስቀምጫለሁ፤ አልጋዬ ላይ የምደርሰው በጎኔ ተንሸራትቼ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል የሚሠራበት ቦታ አለ፤ እሱም የሁመሩ ዛፍ የቆመበት ነው። ፋጡማ ፈቀደች። ከዋሂል ኢብሮ የሚባል እንጨት ቆራጭ መጋዝና ገመዱን ይዞ መጣ። ጋሽ በየነ ዛፉ ሥር ወንበሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«አልከለክልሽም» አለኝ። «ዛፉ የአባቴ አይደለም። ግን በልግ ገብቷል፤ ሼፉ ሚስት አግብቷል። ዘፈኑ ሲቆም ትቆርጪዋለሽ።»

«ቃል?»

«የባቡር ሰው ቃል።»

ኢብሮ ምስክር ሆነ፤ ተጨባበጥን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ጉድ ተመልከቱልኝ፦ እኔው ራሴ ሳያንኳኳብኝ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እነቃ ጀመር። ዛሬ ይቆም ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። ሼፉ ያንን አጭር ፉጨቱን ይለቀዋል፤ እኔ ትራሱን ፊቴ ላይ አደርጋለሁ። መጋቢት ሄደ፣ ሚያዝያ ሄደ። ግንቦት አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ነቃሁ፤ ምንም የለም። በማግስቱም የለም። አራት ቀን ጭጭ። ደስታዬን አልችለው ብዬ ለኢብሮ ደወልኩ።

ሲመጣ ጋሽ በየነ ያው ወንበሩ ላይ ነው፤ መዝገቡ ጉልበቱ ላይ።

«ቆሟል» አልኩት።

«አልቆመም።»

«ሰምቼዋለሁ ጋሽ በየነ። ማለቴ አልሰማሁትም። አራት ቀን ሆነው።»

«ዝም ማለት ሌላ፣ መሄድ ሌላ። ደርሷል ብዬ ጽፌያለሁ፤ ተነስቷል አላልኩም። ያልተነሳ ባቡር ታየም አልታየም ጣቢያ ውስጥ ነው።»

«ባቡር አይደለም እኮ። ወፍ ነው።»

«ደንቡ አንድ ነው።»

ደሜ ፈላ። «ኢብሮ፣ ዛፉ ላይ ውጣ» አልኩ። ኢብሮ መጋዙን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። መጋዝ አልተሰማም። ቆየ፣ ቆየ፤ ከዚያ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ወረደ።

«አቦ ጽጌ፣ ሁለት ናቸው። ላባም የላቸው። እናታቸው መስያቸው አፋቸውን ከፈቱብኝ። አባትየው ትል በአፉ ይዞ እዚህ ጋ ቆሞ ያየኛል። ወላሂ እኔ አልቆርጥም።»

«አፉ ሥራ ይዟል፤ በምን ይዝፈን?» አለ ጋሽ በየነ፣ ከመዝገቡ ቀና ሳይል። «ደግሞስ ልጆቹ የት እንዳሉ ለጭልፊቱ ዘፍኖ ይንገረው?»

ኢብሮ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ። እኔ ቤቴ ገብቼ መኪኖቼን እያየሁ አለቀስኩ። የወፍ ጫጩት ተቀጥቅጦ ቢወድቅ አልፈልግም፤ እንዲህ ያለ ልብ የለኝም። የሚያናድደው ልክ መሆኑ ነው። ይህ ሰውዬ ሁልጊዜ ልክ ነው፤ ልክ የሚሆነው ደግሞ ሁልጊዜ በእኔ ላይ ነው።

ሰኔ ሲገባ ጫጩቶቹ በረሩ። ጠዋት መስኮቴን አንኳኳ፤ በሁለት ጣት፣ ሦስት ጊዜ። ሌሊቱን አምሽቼ ገብቻለሁ፤ ዓይኔ በርበሬ መስሏል። ፊቱ እንደ ሙሽራ አባት ፈክቷል። ሁለቱም በደህና ወጥተዋል አለኝ። «እና አሁን ይቆረጣል?» ስለው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ክረምቱ ሲዘንብ እንደገና ሊጀምሩ ስለሚችሉ እስከዚያ ብንታገሥ ምን ይመስልሻል አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ያ ቃል ከአፌ የወጣው። «ጋሽ በየነ፣ እባክህ አንድ ቀን እንኳ ዝም በል። አንድ ቀን። የምለምንህ ሌላ ነገር የለም።»

አየኝ። መዝገቡን ዘጋው። «እሺ» አለና ወደ ቤቱ ገባ። በጉርብትና ዘመናችን ሁሉ «እሺ» ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

በማግስቱ መስኮቴ አልተንኳኳም። እስከ ሦስት ሰዓት ተኛሁ። ስነሳ ግቢው ጸጥ ብሏል፤ ወፎቹም በሰኔ ሙቀት አፋቸውን ዘግተዋል፣ እሱም ዘግቷል። ፋጡማን በር ላይ አገኘኋት። «አኩርፏል» አልኳት። «አልሃምዱሊላሂ፣ ያኩርፍ አቦ፤ ጆሯችን ይረፍ» አለች። በሁለተኛውም ቀን አልተንኳኳም። ልብሴን አጠብኩ፣ ጸጉሬን ተሠራሁ፣ የአዲሱን ክፍሌን ስፋት ግቢው ወለል ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። ኩራቱ እንዲበርድለት ሦስት አራት ቀን ልተወው ብዬም አሰብኩ። እንዲያውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ባይበርድለት ብዬ ተመኘሁ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ወደ ሥራ ልወጣ ስል ዛፉ ሥር ያለችውን ግማሽ ጀሪካን አየኋት። ጋሽ በየነ ለወፎቹ ውሃ የሚያደርግባት ናት። ደርቃለች፤ ሥሯ ላይ አቧራ ብቻ ነው ያለው። ሼፉ ጠርዟ ላይ ቆሞ ከሙቀቱ የተነሳ አፉን ከፍቷል፤ ድምፅ ግን የለውም። ቆሜ አየሁት። ጋሽ በየነ እኔን ሊያኮርፍ ይችላል፤ ፋጡማንም ያኮርፋል። ወፎቹን ግን አያኮርፍም።

ሽንሌ ትዝ አለኝ። ደውዬ ማንም ካላነሳ።

በሩን አንኳኳሁ፤ ሳላስበው በሁለት ጣት፣ ሦስት ጊዜ። መልስ የለም። «ፋጡማ!» ብዬ ጮኽኩ። በትከሻችን ገፍተን መቀርቀሪያውን ነቀልነው። ወንበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ዓይኑ ክፍት ነው፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ፋጡማ ተንበርክካ ጆሮዋን አፉ ላይ አደረገች። «አለ፣ ይተነፍሳል። ባጃጅ ጥሪ፣ ቶሎ።»

ሐኪሙ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አለን። ቀኝ እጁ ሞቷል፤ ምላሱም ታስሯል። እንደ እሱ ያለ ሰው ምላሱ ሲታሰር ማየት ምን እንደሚመስል እኔ ልንገራችሁ፤ መስኮቱን አንኳኩቶ ቢሰድበኝ በወደድኩ። ሰላማዊት ከአዳማ ደርሳ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠው ነበር» አለችኝ። «እንደወደቀ ነው የደረስንለት» አልኳት። እንዲህ ነው ያልኳት። ፋጡማ ዞር ብላ ግድግዳውን አየች።

በአምስተኛው ቀን በግራ እጁ የመጻፍ ምልክት አሳየኝ። ምን እንደሚፈልግ ገባኝ፤ መዝገቡን አመጣሁለት። ከወገቡ ደግፌ አስቀመጥኩት። በግራ እጁ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ ረጅም ሰዓት ጻፈ። አንገቴን ሳሰግግ በክንዱ ሸፈነው። የሆስፒታሉ መስኮት ላይ ሁለት ድንቢጦች ነበሩ፤ እነሱን እየመዘገበ መሰለኝ። «ሐኪሙ ስምህን ጻፍ ሲልህ እንቢ ብለህ ለድንቢጥ ትጽፋለህ?» አልኩት። በግማሽ ፊቱ ሳቀ፤ ትከሻውም አንዱ ብቻ ነው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ ሰላማዊት ይዛው ሄደች። ዘጠኝ ወር ሳይናገር ኖሮ፣ መጋቢት ላይ፣ ያው እንዳልኩት ነው።

መዝገቡ ከመርዶው ሳምንት በኋላ በአውቶቡስ በመጣ ሰው እጅ ደረሰኝ። ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ። አዎ፣ ዛፉ አለ። አላስቆረጥኩትም፤ ክፍሌን ከጎኑ አጥብቤ፣ ጣራዬን ለግንዱ ብዬ በአንድ በኩል ቆርጬ ሠራሁት። ቀሚስ ልታስለካ የመጣች ሴት ሁሉ ወፍ ትከሻዋ ላይ ያራባትና ከእኔ ጋር ትጣላለች። የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩት። ፊደሉ የአንደኛ ክፍል ልጅ የጻፈው ይመስላል፤ መስመሩን ግን አልሳተም።

ስም፦ ጽጌ። የሚጠበቅበት፦ የወደቀበት ቀን። የደረሰበት፦ በሩን የሰበርንበት ቀን። የተነሳበት የሚለው ባዶ ነው። መዘግየት፦ ሁለት ቀን። ምክንያት የሚለውም ባዶ ነው። ለእኔ ትቶልኛል። ከነደብተሩ ስክሪብቶም አስሮበታል፣ እርሳስ እንዳልፈልግ።

ማታውን ሰላማዊት ደወለች። «አየሽው? አባዬ ምን ማለቱ ነው? ሁለት ቀን ያለው ምኑን ነው?» አለችኝ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ነገ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። ሥራ ላይ አልነበርኩም።

ሌሊቱን ምክንያት ስፈልግ አደርኩ። የከሰዓት ተረኛ ነበርኩ፣ ደክሞኝ ነበር። እሱ ራሱ እሺ ብሎ ገባ፣ ያኮረፈ መሰለኝ። ፋጡማም እንደኔው ነው ያሰበችው። እሱ ከዚያ በፊት በኩርፊያ አምስት ቀን ዝም ብሎ ያውቃል። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን በዚያች ሁለት ጣት በማትሞላ ዓምድ ውስጥ አይገባም። ሰውየው ይህን ያውቅ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አጥብቦ ያሰመራት ዛሬ በእኔ ላይ ልትጠቅመው ይመስል።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሼፉ ጀመረ። ተነስቼ ወጣሁ፣ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና በስክሪብቶ ጻፍኩ፦ «ዝምታው ጣፍጦኝ።» እንደ ደንቡ ፈረምኩበት። ከዚያ አዳማ ደወልኩ። ሰላማዊት «ሃሎ፣ ጽጌ?» አለች። ወፎቹ ሁሉም ተነስተው ዛፉን በጫጫታ ሞልተውታል። ወደ ቤት አልገባሁም፤ የሁለቱን ቀን ነገር እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ።